ስልኩ በማን አፍ ይከፈት

አበዛሽ የካፊኖኖ መምህርት የሆነችው ሌላ ሰው ስላልፈለገው ነው። በ1990 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቃ ሒሳብ እንድታስተምር ቦንጋ ስትመደብ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ገና እግሩን እየተከለ ነበር። ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን ሰብስበው «ማን ይወስደዋል?» ሲሉ ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ብዙዎቹ የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ካፊኖኖ ከእናታቸው ጋር የሚያወሩበት ቋንቋ ነው። የእሱ መምህር ተብሎ መጠራት ግን ዝቅ ማለት መሰላቸው። አበዛሽ እጇን አወጣች። «ሒሳቡንም አልተውም፤ እሱንም ጨምሩልኝ» አለች።

እኔ ከቡሬ ተመድቤ የመጣሁት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ሳይንስ አስተምር ነበር። በመምህራን ማረፊያ ወንበራችን ጎን ለጎን ስለነበር የሆነባትን ሁሉ ከአንደበቷ ሰምቻለሁ፤ ገሚሱንም በዓይኔ አይቻለሁ። ባልደረቦቻችን ሊቀልዱባት ሲፈልጉ «የአፍ መምህርት» ይሏታል። በካፊኖኖ ኖኖ ማለት አፍ ነው። እሷ አትቆጣም። «አፍ የሌለው ልጅ ሒሳቡንም አይመልስም» ትላቸዋለች።

ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ ንጹሕ ሴት ናት። መጸየፍ ታውቅበታለች። ሌላው ሰው አንድ ነገር ሲያስጠላው ያማርራል ወይ ይሳደባል፤ እሷ ተነሥታ እጇን ትታጠባለች። አንድ ጊዜ አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያለፉትን ተማሪዎች ቁጥር ከፍ አድርገን እንድንጽፍ ሲያግባባን፣ ሰውዬው ነገሩን ሳይጨርስ ወጥታ ከግቢው ቧንቧ ሥር እስከ ክርኗ ስትታጠብ በመስኮት አየኋት። ተመልሳ ተቀመጠችና ትክክለኛውን ቁጥር ጻፈች።

በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ የእናቶች ጤና ፕሮጀክት ቦንጋ ላይ ቢሮ ከፈተ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ይህን መሸሸግ አልፈልግም። በጌሻ ወረዳ፣ በደካ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች አንድ ለአምስት የተደራጁ ሴቶችን ለሚመሩ አርባ እናቶች ስልክ ይሰጣል። ስልኩ ላይ አፕ ይጫናል። ከአርባዎቹ ማንበብ የሚችሉት በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ አፑ በድምፅ ይናገራል። መሪዋ ነፍሰ ጡር ጎረቤቷ ዘንድ ሄዳ ስልኩን ስትከፍተው ይጠይቃል፤ ራሷን ያማታል? እግሯ አብጧል? ደም አይታለች? አዎ ከሆነ ቀዩን፣ ካልሆነ አረንጓዴውን ትጫናለች። ቀይ ከተጫነች ጤና ጣቢያ ላለችው ነርስ ወዲያው መልእክት ይደርሳታል።

አስተባባሪው ኃይለመስቀል የሚባል፣ ከዚያው ከካፋ የዋጫ ልጅ ነው። አገሩን ያውቃል፣ ካፊኖኖ ይናገራል፤ ግን እናቱ ስልክ ሲደውሉለት ከቢሮው ወጥቶ በረንዳው ጥግ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግራቸው። አፑን የሚሠራው እስክንድር ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ዝምተኛ ጎልማሳ ነበር። አንድ መቶ ስድሳ ሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፈው ወደ ካፊኖኖ የሚመልስ ሰው ሲፈልጉ ሁሉም ጣቱን ወደ አበዛሽ ቀሰረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይጨርሰው ነበር። እሷ የመንፈቅ ዓመቱን ዕረፍት ጠብቃ አውቶቡስ ተሳፍራ ደካ ሄደች። የተወለደችው እዚያው አካባቢ ነው፤ ግን ሃያ ዓመት ገደማ ቦንጋ ኖራለች። «የከተማ ካፊኖኖ ይዤ ሴት ምጥ ላይ ማናገር አልችልም» አለችኝ። ቤት ለቤት ዞረች። አሮጊት አዋላጆችን ጠየቀች። ወረቀቱ «ከባድ የራስ ምታት አለብሽ ወይ?» ይላል፤ ሴቶቹ ግን እንዲህ ሲጠየቁ ሁሉም የለብኝም ይላሉ። ራስ ምታትማ እንጨት ተሸክሞ የሚውል ሰው ሁሉ አለበት፤ በሽታ ነው ብሎ ማን ይናገራል? ተሾመች የምትባል፣ ስልክ ከሚሰጣቸው አርባ መሪዎች አንዷ ናት መፍትሔውን የነገረቻት። «እትዬ፣ ያማታል ወይ ብለሽ አትጠይቂ። ብርሃን ስታይ ዓይኗን ትጨፍናለች ወይ በያት፤ ትነግርሻለች።» አበዛሽ ይህን በአረንጓዴ እስክሪብቶ ጻፈች። በዚህ ዓይነት ግማሹን ጥያቄ ቀይራ ተመለሰች።

ድምፁንም ራሷ ሰጠች። ለዚህ ሥራ ቢሮው ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል ግድግዳዋን በብርድ ልብስ ሸፍነው አዘጋጁ፤ አምስት ቅዳሜ እዚያ ገብታ አነበበች። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ያቋርጣሉ፣ ሲያባራ ይቀጥላሉ። እስክንድር ቋንቋውን ባይሰማም፣ አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ሳለ «ይቺ ሴትዮ ስትጠይቅ እኔም መልስ መስጠት ያምረኛል» አለኝ።

ነገሩ የተበላሸው ግንቦት ላይ ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ ቢሮ ተሰበሰቡ፤ አበዛሽም ተጠራች። እስክንድር ኮምፒውተሩን ከፍቶ «ዲፎልቱን በምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ።

«እሱ ምንድን ነው?» አለች አበዛሽ።

«መነሻ ቋንቋ። ስልኩ ማንም ምንም ሳይነካው መጀመሪያ ሲከፈት የሚናገርበት። እንግሊዝኛ አለ፣ አማርኛ አለ፣ ካፊኖኖ አለ። ከዚያ በኋላ ሰው በራሱ መቀየር ይችላል።» ቀጥሎም «ግን አይቀይርም» አለ። «የትም አገር ቢሆን ሰው እንደመጣለት ነው የሚጠቀመው።»

«እንግዲያው ምን ያጠያይቃል? ካፊኖኖ ነዋ» አለች።

ኃይለመስቀል ፈገግ አለ። «እትዬ አበዛሽ፣ ስሜትዎ ይገባኛል። ግን በመስከረም ገምጋሚዎች ከውጭ ይመጣሉ። ስልኩን ከፍተው ያያሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ሪፖርታቸው ላይ ያወጡታል። ሲከፍቱት ካልገባቸው ምን ይላሉ? ለጊዜው እንግሊዝኛ ይሁን። ከዚያ እንቀይረዋለን።»

«ገምጋሚዎቹ ናቸው የሚወልዱት?»

እስክንድር ሳቁን በሳል ሸፈነ። ኃይለመስቀል ፈገግታውን አጠፋ። «ይሄ ነገር ወደ ጠባብነት እንዳይሄድብን» አለ። ያን ጊዜ ይቺ ቃል ቀላል ቃል አልነበረችም። በግምገማ ላይ ስምህ አጠገብ ከተጻፈች እንጀራህን ትነካለች። አበዛሽ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ሩሀማ የምትባል ሴት ልጅ ብቻዋን ታሳድጋለች። ዝም አለች። በኋላ ይህን ዝምታዋን ይቅር አላለችውም። «እሱ ቃሉን ወረወረ፤ እኔ ደግሞ አንገቴን ደፋሁለት» ትለኝ ነበር።

ስልኮቹ በመስከረም 2009 ታደሉ። ገምጋሚዎቹ መጡ፣ ፎቶ አነሡ፣ ሄዱ። መነሻ ቋንቋው እንደነበረ ቀረ። አበዛሽ ሁለት ጊዜ ቢሮ ሄዳ «ተቀየረ?» ብላ ጠይቃ ሁለት ጊዜም «አቅጣጫ ተቀምጧል» ተብላ ተመለሰች።

ሚያዝያ ላይ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሲል፣ ተሾመች ከደካ መጥታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ልብሷ ላይ ጭቃ ደርቋል። የሠለጠነችበትን ስልክ በፕላስቲክ ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። በካፊኖኖ ያወሩትን አበዛሽ በኋላ ነገረችኝ።

የተሾመች ጎረቤት የምሥራች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ተሾመች በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄዳ ስልኩን ከፍታላታለች። ስልኩ በፈረንጅ አፍ ይናገራል። አንድም ቃል አይገባቸውም። በሥልጠናው ቀን በአማርኛ የተነገራትን ለማስታወስ ሞከረች፤ አረንጓዴው የሰላም፣ ቀዩ የክፉ መሆኑ ብቻ ትዝ አላት። ጎረቤቷ ላይ ክፉ መጫን አልፈለገችም። ሦስቱንም ጊዜ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴውን ተጫነች። በሦስተኛው ቀን የምሥራች ዓይኔን ጋረደኝ ብላት ነበር። በማግሥቱ ወደቀች፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ፣ አረፋ ይደፍቃት ጀመር። በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ አወጧት፤ መኪና ለምነው ቦንጋ ሆስፒታል አደረሷት። እሷ ተርፋለች። ልጇ አልተረፈም።

«እትዬ» አለቻት ተሾመች፣ «ያን ሁሉ ቀን ስትጠይቂኝ የከረምሽው የት ገባ? ይሄ ስልክ አንድም ቀን እንደ አንቺ አልተናገረም።»

አበዛሽ ክፍሏን ለእኔ ሰጥታኝ ወጣች። መጀመሪያ ሆስፒታል ሄዳ የምሥራችን አየቻት። የምሥራች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ከዚያ ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ ሄደች።

ኃይለመስቀል ትልቅ ስክሪን አስገጥሟል። አርባዎቹ ስልኮች የሚልኩት ሁሉ እዚያ ላይ በቀለም ይታያል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነው። ከጉብኝቶቹ ዘጠና ሰባት በመቶው አደጋ የሌለባቸው ናቸው ይላል። አበዛሽ የምሥራች የሚለውን ስም እንዲፈልግላት እስክንድርን ጠየቀችው። ወጣ። ሦስት ጉብኝት፣ ሦስቱም አረንጓዴ።

«ይቺ ሴት አሁን ሆስፒታል ተኝታለች፤ ልጇ ሞቷል» አለች።

ኃይለመስቀል ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ። «በጣም ያሳዝናል። ግን እኮ እትዬ አበዛሽ፣ ቋንቋ መቀየሪያው እጃቸው ላይ ነው። ሥልጠና ወስደዋል።»

«መቀየሪያው በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?»

እስክንድር አንገቱን ደፍቶ «በእንግሊዝኛ ነው» አለ። «አምስት ቦታ መንካት ይጠይቃል።»

«ከዚህ ሆኖ ለመቀየርስ?»

«አራት ፊደል መለወጥ ነው፤ ስልኮቹ ኔትወርክ ሲያገኙ ራሳቸው ይቀየራሉ። ግን ያለ ፈቃድ እንዳልነካው ተነግሮኛል።»

ይህን ጊዜ ኃይለመስቀል ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋና ቢሮው ውስጥ በካፊኖኖ መናገር ጀመረ። ከተዋወቁ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እንደ ታናሽ ወንድም ድምፁን አለስልሶ፣ እናቷን እንደሚያውቃቸው፣ አንድ ወንዝ የጠጡ መሆናቸውን፣ ይህ ነገር ወደ ላይ ከሄደ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ የሚጎዱት የገዛ ወገኖቻቸው መሆናቸውን አወራላት። «በመካከላችን ይቅር» አላት።

ከዚያ ሁሉ ነገር አበዛሽን ያንገሸገሻት ይሄ ነው። ጥርት ያለ፣ የሚያምር ካፊኖኖ ነበር ትላለች፤ እሷ ክፍል ውስጥ ልጆቹ እንዲናገሩት የምትለፋበት ዓይነት። «ለየምሥራች የነፈጋትን ለእኔ አፍ መዝጊያ አወጣው። ያን ያህል ዘመን የምወደው ቋንቋ ከሰው አፍ ሲወጣ ቆሽሾ አየሁት።» በአማርኛ «ይበቃል» ብላው ወጣች። ትምህርት ቤት ተመልሳ ቧንቧው ሥር ለረጅም ጊዜ ቆማ ስትታጠብ አየኋት። ሳሙና ተውሳ ነበር።

ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ጻፈች። መልስ አልመጣም። ሐምሌ ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ እስክንድርን አምስቱን ንክኪ በወረቀት ላይ አስጻፈችው፤ ጃንጥላና የጎማ ጫማ ይዛ ደካ ወረደች። የካፋን ሐምሌ ያላየ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም፤ ሰማዩ አይዘጋም። ከቀበሌ ቀበሌ በእግሯ እየሄደች፣ ባገኘችው ቤት እያደረች፣ ስልኮቹን አንድ በአንድ ቀየረች። ከአርባዎቹ ሠላሳ አንዱን አገኘች። ሌሎቹ ተሰብረዋል ወይ ጠፍተዋል። ብዙዎቹ ሴቶች ስልኩን እንደ ባትሪ መብራት ነበር የሚጠቀሙበት፤ አፑን ከከፈቱት ወራት አልፏል። ስትቀይርላቸው የእሷ ድምፅ ይወጣል። አንዲት ባልቴት «አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ እዚያ ውስጥ ማን አስገባሽ?» አሏት። ነሐሴ ላይ ስትመለስ እግሯ ቆሳስሎ ነበር፤ ግን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ደስታዋ አንድ ወር አልሞላም። መስከረም ላይ ከአዲስ አበባ የአፑ ማሻሻያ ተላከ። ስልኮቹ ኔትወርክ ባገኙ ቁጥር ራሳቸውን አደሱ፤ ሲታደሱም ወደ መነሻቸው ተመለሱ። ተሾመች ደውላ «እትዬ፣ ደግሞ ፈረንጁ መጣ» አለቻት። አበዛሽ ስልኩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «ምራቄን መዋጥ አስጠላኝ» ብቻ አለች።

የመዝጊያው ዐውደ ጥናት ኅዳር 2010 ላይ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተደረገ። የምስክር ወረቀት ስለሚሰጣት መቅረት እንደሌለባት ተነገራት፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። አዳራሹ በአበባ አጊጧል። ከለጋሾቹ የመጣች እንግዳ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። የአበዛሽ ድምፅ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ተለቀቀ፤ ብርሃን ስታይ ዓይኗን ትጨፍናለች ወይ የሚለው ጥያቄ ነበር። ሰው አጨበጨበ። እንግዳዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ይህ ድምፅ ከዚህ አዳራሽ በቀር የትም አልተሰማም ነበር ማለት ይቻላል።

አበዛሽ ተጠራች። ወረቀቱን አልተቀበለችም። ማይኩን ይዛ በቀስታ፣ በአማርኛ ተናገረች።

«አሁን የሰማችሁት ድምፅ ደካ የለም። ደካ ያሉት ስልኮች የሚከፈቱት በእንግሊዝኛ ነው። የምሥራች የምትባል ሴት ሦስት ጊዜ በማታውቀው ቋንቋ ተጠይቃ ልጇን አጥታለች። ሪፖርታችሁ ላይ አደጋ የለባትም ተብላ ተጽፋለች። ስሜን ከውስጡ አውጡልኝ።»

እንግዳዋ ወደ ኃይለመስቀል ዞረች፤ የሚያስተረጉምላት እሱ ነው። ኃይለመስቀል ፊቱ ሳይለወጥ በእንግሊዝኛ፣ ስለተሰጣት ዕድል በጣም ታመሰግናለች፣ ለእናቶች ገና ብዙ መሠራት እንዳለበትም አሳስባለች አላት። እንግዳዋ ፈገግ ብላ አጨበጨበች። አዳራሹም፣ የሆነውን የሰማውም ያልሰማውም፣ ተከትሎ አጨበጨበ።

እኔ እንግሊዝኛው ገብቶኛል። አበዛሽም ገብቷታል። የተቀመጥነው ሁሉ አብዛኞቻችን ገብቶናል። አንድም ሰው አልተነሣም፤ እኔም አልተነሣሁም። ይህን ስጽፍ አሁንም ራሴን ይቀፈኛል። ምሳ ቀረበ ተባለ፤ ሰዉ ሳህን ይዞ ተሰለፈ። አበዛሽ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ተከትያት ስወጣ ዝናብ እያካፋ ነበር፤ እስከ ቤቷ ድረስ ሸኘኋት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እስክንድር ያለ ማንም ፈቃድ አራቱን ፊደል ቀየረ። ውሉ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ከመሄዱ በፊት ትምህርት ቤት መጥቶ ነገራት። አመስግኚኝ ያላት ይመስል ቆመ። «ያኔ በግንቦቱ ስብሰባ ብታደርገው ኖሮ» አለችው። «አውቃለሁ እትዬ» አለ። ሻይ አስቀዳችለት፤ ጠጥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ደካ ያሉት ስልኮች፣ የተረፉት ሃያ ምናምኑ፣ ሲከፈቱ በካፊኖኖ ይከፈታሉ። ጥር ላይ ተሾመች ቀዩን ተጭና አንዲት ሴት በጊዜ ጤና ጣቢያ ደርሳ በሰላም ወልዳለች። ሪፖርቱ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታትሞ ወጣ፤ አፑ በሦስት ቋንቋ አገልግሎት ሰጥቷል ይላል፤ የአበዛሽ ፎቶ ሙሉ ገጽ ይዟል። አውጡልኝ ብላ በጽሑፍ ጠይቃ ነበር፤ አላወጡትም። ኃይለመስቀል ሐዋሳ በተሻለ ደረጃ ተመደበ። የምሥራች ከሆስፒታል ስትወጣ አበዛሽ ሁለት ጊዜ ልትጠይቃት ሄዳለች፤ በሁለተኛው ጊዜ ቆጮ አቅርባላት አብረው በሉ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ለንብ አናቢዎች ሌላ አፕ የሚሠሩ ሰዎች ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ትርጉም እንድትሠራላቸው ለመኗት። ስለ ማርና ስለ ቀፎ ረጅም ገለጻ አደረጉላት። እስኪጨርሱ ሰምታ «ሲከፈት በምን ቋንቋ ነው የሚከፈተው?» አለቻቸው።

«እሱ ቴክኒካል ነገር ስለሆነ በኋላ ይወሰናል» አለ አንዱ።

አበዛሽ የተማሪዎቿን ደብተር ሰብስባ በብብቷ ይዛ ወደ ክፍሏ ሄደች።